ጁሴፔ ሞታ፦ የገለልተኛው ሚዛን ወዴት አጋደለ?

ሞታ ሲባል የአማርኛ አንባቢ ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ጎጃም ነው። እዚህ የምናወሳው ሞታ ግን የሰው ስም ነው፦ ጁሴፔ ሞታ፣ ከ1912 እስከ 1940 ድረስ ሃያ ስምንት ዓመት ከስዊዘርላንድ መንግሥት ወንበር ሳይነሣ እዚያው ሥራው ላይ እያለ የሞተ፣ የመጨረሻዎቹን ሃያ ዓመታት ደግሞ የአገሩን የውጭ ጉዳይ በእጁ ይዞ የኖረ ፖለቲከኛ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛው ሲሆን ለይቼ እጠቅሳለሁ።) በአገሩ ሰው ዘንድ የተራራ አገሩን ስዊዘርላንድ ከዓለም ጋር ያስተዋወቀ አንደበተ ርቱዕ ተብሎ ይታወሳል። በእኛ ታሪክ ውስጥ ግን ስሙ እምብዛም አይነሣም። ስለ ጣሊያን ወረራ ሲወራ ሙሶሊኒ ይወገዛል፣ የብሪታኒያው ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል ይረገማሉ፤ የመንግሥታት ማኅበር የተቀመጠባት አገር የውጭ ጉዳይ ኃላፊ ምን እንዳደረገ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። መጠየቁ ግን ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የሞታ ሥራ ገለልተኝነት የሚባለው ነገር ከምን እንደሚሠራ ከማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ በላይ ያሳያል። ገለልተኛ ማለት እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ማለት አይደለም። ገለልተኛም በየጊዜው ይወስናል፤ ከውሳኔው የሚጠቀም እንዳለ ሁሉ የሚጎዳም አለ።

ሞታ የተወለደው በ1871 መገባደጃ፣ አይሮሎ በምትባል የተራራ መንደር ነው። አይሮሎ የጎታርድ ተራራ ደቡባዊ ግርጌ ናት፤ ከጀርመን ወገን ወደ ጣሊያን የሚወርድ ብዙ መንገደኛ በዚያች መተላለፊያ ያልፍ ነበር፣ ፈረስና ሠረገላም የመንደሯ እንጀራ ነበር። ልጁ የአሥር ዓመት ሰው ሲሆን፣ በ1882፣ ተራራውን በስቶ የሚያልፈው 15 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር ዋሻ ተከፈተ፤ አንደኛው አፉ እዚያው አይሮሎ ነው። ትናንት በሠረገላ ሰዓታት የሚፈጀው መንገድ በባቡር የደቂቃዎች ጉዳይ ሆነ። አይሮሎ የምትገኝበት ቲቺኖ ጣሊያንኛ ተናጋሪና ካቶሊክ ካንቶን ነው፤ ጀርመንኛ ተናጋሪው በሚበዛበት አገር ውስጥ ልክ እንደ እንጀራ ልጅ ጥግ ይዞ የኖረ። ሞታ በፍሪቡርግ፣ በሙኒክና በሃይደልበርግ ሕግ ተምሮ ወደዚያችው መንደር ተመለሰና ጠበቃ ሆነ። በ1895 የካንቶኑ፣ በ1899 የፌዴራሉ ምክር ቤት አባል ተመረጠ። ሰውየውን ለመረዳት ይህችን መነሻ መያዝ ያስፈልጋል፤ ለእሱ የጣሊያን ባህልና ቋንቋ የባዕድ አልነበረም፣ የእናቱ አፍ ነበር። ጣሊያንን መውደድና ስዊዛዊ መሆን ለእርሱ የሚጋጩ ነገሮች አልነበሩም። ኋላ የመጣው ጣጣ ከዚህ መንታ ፍቅር መለየቱ ያስቸግራል።

የስዊዘርላንድ አገዛዝ ለእኛ ዓይን እንግዳ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር የለም፤ ርእሰ ብሔር የሚባል አንድ ሰውም የለም። ሁለቱ የሕግ አውጪ ምክር ቤቶች በርን ላይ አብረው ተቀምጠው ሰባት ሰዎችን ይመርጣሉ፤ እነዚህ ሰባቱ መንግሥቱ ናቸው። እያንዳንዱ አንድ መሥሪያ ቤት ይይዛል፣ ከመካከላቸው አንዱ በየዓመቱ ተራ እየደረሰው ፕሬዚዳንት ይባላል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ወንበሩን ለሌላው ለቅቆ ወደ ተራ ሥራው ይመለሳል። ሞታ በ1911 ታኅሣሥ ከሰባቱ አንዱ ሆኖ ሲመረጥ፣ ከቲቺኖ ሰው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጠ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ከዚያ በኋላ አምስት ጊዜ፣ በ1915፣ በ1920፣ በ1927፣ በ1932 እና በ1937 ፕሬዚዳንት ሆነ። ሰባቱ በጋራ ይወስናሉ፤ ውጭ ወጥተውም በአንድ ድምፅ ይናገራሉ። ይህን ልብ ማለት ተገቢ ነው፤ ሞታ ጌታ አልነበረም፣ ያላሳመነውን ነገር ብቻውን ማስፈጸም አይችልም ነበር። ሆኖም በአንድ መሥሪያ ቤት ሃያ ዓመት የተቀመጠ ሰው፣ ባልደረቦቹ ሲመጡና ሲሄዱ እያየ፣ የዚያን ጉዳይ ቃል ራሱ የሚያወጣ ይሆናል። ከ1920ዎቹ ጀምሮ የስዊዘርላንድ የውጭ ጉዳይ ሲባል ሰው የሚሰማው የሞታን ድምፅ ነበር።

ድምፁ ደግሞ ያማረ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመንግሥታት ማኅበር ሲቋቋም፣ ስዊዘርላንድ ትግባ ወይስ አትግባ የሚለው ክርክር አገሩን ለሁለት ከፈለው። ሞታ ይግባ ከሚሉት ግንባር ቀደሙ ነበር። ግንቦት 16 ቀን 1920 ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ 56 ከመቶው አዎ አለ፤ የካንቶኖቹ ውጤት ግን 11 ተኩል ለ10 ተኩል ነበር፤ ግማሽ ካንቶን ወደዚያ ቢያዘነብል ኖሮ ነገሩ ይቀር ነበር ማለት ነው። (በስዊዘርላንድ ግማሽ የሚቆጠር ካንቶን አለ፤ ቀልድ አይደለም።) ከዚያ በፊት በየካቲት ወር ለንደን ላይ አንድ ስምምነት ተደርጎ ነበር፤ የኋላው ጣጣ ሁሉ ከዚያ ይመዘዛል። ማኅበሩ ለስዊዘርላንድ እንዲህ አላት፦ ጦር አትልኪም፣ የማንም ጦር በምድርሽ አያልፍም፤ ወራሪ ላይ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ሲጣል ግን ከሌላው ጋር አብረሽ ትጥያለሽ። አገሪቱ ይህን ተቀብላ ገባች። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ጄኔቭ ላይ የመጀመሪያው ጉባኤ ሲከፈት፣ በዓመቱ ፕሬዚዳንትነቱ እንግዶቹን የተቀበለው ሞታ ነበር፤ ማኅበሩ ተሸናፊዎቹንም ጭምር ማቀፍ አለበት ብሎ የተናገረው ያኔ ነው። በ1924 ደግሞ ራሱ የጉባኤው ሊቀ መንበር ሆነ። በመካከሉ፣ በመስከረም 1923፣ ኢትዮጵያ አባል ሆና ገብታለች።

ታዲያ ይህ ሰው በፈተና ጊዜ እንዴት ነበር? ሦስት ጉዳዮችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። የመጀመሪያው በመስከረም 1934 የመጣው ነው፤ ሶቪየት ኅብረት ማኅበሩን ልትቀላቀል ጠየቀች። ታላላቆቹ መንግሥታት ይሁን ብለዋል፣ ነገሩ ያለቀ ነበር። ሞታ ተነሣና፣ ሃይማኖትን የሚያሳድድና የሌሎችን አገሮች ሥርዓት ለመገልበጥ የሚሠራ መንግሥት ከእኛ ጋር ሊቀመጥ አይገባም ሲል ተከራከረ። 39 አገሮች ደገፉ፤ እምቢ ያሉት ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ስዊዘርላንድ፣ ሆላንድና ፖርቱጋል። ሁለተኛው በ1935 መጋቢት የሆነው ነው፤ በርቶልድ ያኮብ የተባለ ጀርመናዊ ስደተኛ ጋዜጠኛ ባዝል ላይ በናዚ ሰዎች ተታሎ ድንበር ተሻግሮ ተወሰደ። የሞታ መሥሪያ ቤት በርሊንን አጥብቆ ያዘ፤ ሰውየው ይመለስ፣ አለዚያ በግልግል ዳኞች ፊት እንቀርባለን አለ። የሂትለር መንግሥት በመስከረም ወር ያኮብን መለሰ። አንድ ትንሽ አገር ከሂትለር እጅ ሰው አስለቀቀች ማለት ነው፤ ይህ በዘመኑ ቀላል ድል አልነበረም። ሦስተኛው የእኛው ነው።

ጥቅምት 3 ቀን 1935፣ በእኛ መስከረም 22 ቀን 1928፣ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። ማኅበሩ ሙሶሊኒን ወራሪ ብሎ ፈረደ፤ ማዕቀብ ተወሰነ። ስዊዘርላንድ አልተቃወመችም፤ አፈጻጸሟን ግን መመልከት ያሻል። ብድር መከልከሉን ተቀበለች። ከጣሊያን ዕቃ አትግዙ የሚለውን አልተቀበለችም፤ በምትኩ ንግዱ ከ1934ቱ መጠን እንዳያልፍ አደርጋለሁ አለች። በጦር መሣሪያ ላይ ደግሞ ማኅበሩ ጣሊያንን ብቻ ሲከለክል፣ ስዊዘርላንድ ጣሊያንንም ኢትዮጵያንም እኩል ከለከለች። ሞታ ማስረጃ አላጣም፤ የ1907ቱ የሄግ ስምምነት ገለልተኛ አገር የጦር መሣሪያ ንግድን የሚገድብ ከሆነ በሁለቱም ተዋጊዎች ላይ እኩል ይገድብ ይላል። በወረቀት ሲታይ ሚዛኑ ቀጥ ያለ ነው፤ መሬት ላይ ግን አይደለም። ጣሊያን መድፍና አይሮፕላን በገዛ ፋብሪካዋ የምትሠራ አገር ናት፤ የበርን አዋጅ ምኗንም አይነካም። ኢትዮጵያ ግን ጥይቷን ሳይቀር ከውጭ ነው የምታስመጣው። በእጇ ከነበሩት ጥቂት ፀረ አይሮፕላን መድፎች መካከል ኦርሊኮኖቹ ይገኙበታል፤ ኦርሊኮን ደግሞ የዙሪክ ፋብሪካ ነው። እነዚያ መድፎች ጥይት ሲያልቅባቸው ከተሠሩበት አገር አንዲት ቀለህ እንዳይወጣ የዘጋው ይኸው እኩልነት ነበር። የሚዛኑን ሁለት ሳህኖች እኩል ብንጫናቸውም፣ አንዱ ባዶ ሌላው ሙሉ ሆኖ ከቀረበ ሚዛኑ ማጋደሉ አይቀርም።

ለሞታ የሚሟገቱለት የሚሉትን እንስማ፤ ደካማ ክርክር አይደለምና። ስዊዘርላንድ ትንሽ ናት፣ የባሕር በር የላትም፣ በጎታርድና በሲምፕሎን በኩል ወደ ጄኖቫ ወደብ የሚያወጧት ባቡሮች በጣሊያን ምድር ነው የሚያልፉት። ቲቺኖ ወደ እናት አገሯ ጣሊያን ትመለስ የሚሉ ፋሺስቶችም ድንበሩ ማዶ ይጮኹ ነበር፤ ሙሶሊኒን ማስቀየም ለሞታ የሩቅ ፖለቲካ ሳይሆን የትውልድ መንደሩን ጉዳይ የሚነካ ነገር ነው። ከዚህም በላይ፣ ታላላቆቹ ራሳቸው ነዳጅ አልከለከሉም፣ የስዊዝን ቦይ አልዘጉም፣ ሆርና ላቫል ኢትዮጵያን ቆርሰው ለጣሊያን ሊሰጡ ሲስማሙ ተይዘዋል፤ ታዲያ ከአራት ሚሊዮን ሰው አገር ምን ይጠበቃል? ይህ ሁሉ እውነት ነው። የሂትለር ጀርመንም ግን ድንበርተኛ ነበረች፤ ከጣሊያን የባሰች ኃይለኛም። ትንሽነት አፍ የሚያዘጋ ቢሆን ኖሮ የያኮብ ጉዳይ ባልተነሣ ነበር። ያ የራስ ምድር የተደፈረበት ስለሆነ ከኢትዮጵያ ጋር አይነጻጸርም ይባል ይሆናል፤ እሺ፣ እንግዲያስ የሚነጻጸረውን እናምጣ። በ1928 የሙሶሊኒ የቀድሞ ሰው የነበረው፣ በኋላ ግን ከድቶት ወደ ፈረንሳይ የተሰደደው ቼዛሬ ሮሲ፣ በስዊዘርላንድ ምድር የተከበበች የጣሊያን ቁራሽ መሬት ወደሆነችው ካምፒዮኔ ተታሎ ገባና ተያዘ። ወጥመዱን ያጠመዱት የጣሊያን ሰላዮች ስዊዘርላንድ ውስጥ ነበር የሚንቀሳቀሱት። በርን ተቃውሞ አሰማች፣ ግን ድምፁ ለስለስ ያለ ነበር፤ የሞታ ተቺዎችም በዚህ ክፉኛ ወርፈውታል። ሮሲ የተያዘው በጣሊያን መሬት ላይ በመሆኑ ሕጉ ከያኮብ ይከብዳል፤ ቢሆንም ልዩነቱ ሁሉ የሕግ ነው ለማለት ያስቸግራል። የሶቪየቱ ጉዳይማ የማንም ድንበር ጉዳይ አልነበረም፤ ሞታ እዚያ የተናገረው ልቡ ስለነገረው ነው። ሰውየው ሲፈልግ ከጥቂቶች ጋር ሆኖ ብዙኃኑን ሊቃወም ይችል ነበር።

ልቡ ለጣሊያን ደግ ነበር፤ ከፋሺዝም ጋር ግን መደባለቅ የለበትም። ሞታ ዲሞክራት ነበር፣ የአገሩን ነጻነት ለሮም አልሸጠም። ኮሚኒዝምን የሚፈራ ካቶሊክ ወግ አጥባቂ እንደመሆኑ ግን፣ ሙሶሊኒ በዓይኑ የሥርዓት ጠባቂ እንጂ የሥርዓት አፍራሽ አልመሰለውም። በዚያው ዘመን ሌላ ስዊዛዊ፣ ሐኪሙ ማርሴል ጁኖ፣ የቀይ መስቀል ተወካይ ሆኖ በሰሜን ግንባር፣ ኮረም ላይ፣ የመርዝ ጋዝ የላጣቸውን ገበሬዎች በዓይኑ እያየ ነበር። ሥርዓት የተባለው ነገር ከበርን ሲታይና ከኮረም ሲታይ አንድ አልነበረም።

በእኛ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች ማፏጨታቸውና ፖሊስ ከአዳራሹ ማስወጣቱ የታወቀ ነው። ብዙም ያልታወቀው ከስድስት ወር በኋላ የሆነው ነው። በ1936 ታኅሣሥ ወር የስዊዘርላንድ መንግሥት ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ያላትን ሉዓላዊነት በሕግ ዐወቀ። ራስ እምሩ ጎጀብ ላይ የተያዙት በዚያው ወር ነው፤ ራስ ደስታ ዳምጠው ሲዳሞ ውስጥ ገና ይዋጉ ነበር። የማታ ማታ ሁሉም ዐውቆ የለም ወይ የሚል ይኖራል፤ አዎ፣ ብሪታኒያም ዐውቃለች፣ ግን በ1938 መገባደጃ ነው፣ ሁለት ዓመት ያህል ቆይታ። ከስዊዘርላንድ በፊት ያወቁት በአብዛኛው የሙሶሊኒ ወዳጆች ነበሩ። ገለልተኛ አገር መቆየት የሚችልበት ምክንያት ሞልቶ ሳለ ቀድሞ መሮጡ ከጥንቃቄ የመጣ ነው ቢባል፣ ጥንቃቄው ለማን እንደነበር መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሞታ ከዚያ በኋላ ወደ አሮጌው ገለልተኝነት ፊቱን አዞረ። ማዕቀብ መጣል ውስጥ መግባታችን ስሕተት ነበር የሚለው ሐሳብ አገሩን ያዘ፤ ግንቦት 14 ቀን 1938 የማኅበሩ ምክር ቤት ስዊዘርላንድን ከማንኛውም ማዕቀብ ነጻ አደረጋት። በ1920 ሞታ ራሱ ተከራክሮ ያስገባው የለንደኑ ግዴታ፣ በዚያው በሞታ እጅ ተፋቀ። ጥር 23 ቀን 1940፣ አዲሱ ጦርነት ገና ፈረንሳይ ሳይደርስ፣ በርን ላይ ሞተ። ንጉሠ ነገሥቱ ያኔ እንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ነበሩ። በኅዳር 1954 ወደ ስዊዘርላንድ ሲመለሱ በሰልፍና በክብር ዘብ ተቀበሏቸው፤ ማረፊያቸውም ከበርን ወጣ ብሎ የሚገኘው የዬገንስቶርፍ ቤተ መንግሥት ሆነ። ዕውቅናውን ከወሰኑት ሰባት ሰዎች መካከል በዚያ ቀን ገና መንግሥት ላይ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው።