ክፉ ውሻ ጥሩ ጠባቂ ነውን?

በወሎ፣ በገራዶ ገጠርም ሆነ በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች፣ ለዘር የሚፈለግ ውሻ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በነከሳቸው ሰዎች ብዛት ነው፤ «ሰው አያስጠጋም» የተባለለት ውሻ ቡችሎቹ ገና ሳይወለዱ ተቀባይ ይሻማባቸዋል። ከልማዱ ሥር ያለው እምነት ክፋት የጠባቂነት ማስረጃ ነው የሚል ሲሆን፣ ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት ግን አይቻልም፤ ጅብ በረት በሚደፍርበት አገር ፈሪ ውሻ ለባለቤቱ አይበጅም፣ የውሻ ጠባይም በከፊል ከወላጅ ይወረሳል። ስሕተቱ ድፍረትንና ተናካሽነትን አንድ አድርጎ ማየቱ ላይ ነው።

ውሻ ብዙ ጊዜ የሚናከሰው ደፍሮ ሳይሆን ፈርቶ ነው። ቡችላ ሰውንና አካባቢውን በደንብ የሚለምደው ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ዕድሜው በመሆኑ፣ «እንዲከፋ» ተብሎ በዚያ ወቅት ጨለማ ውስጥ የታሰረ ቡችላ ሲያድግ ከቤተሰቡ በቀር ሰው ሁሉ ጠላት ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ውሻ ጎረቤት «ቡና ጠጡ» ብሎ የላከውን ሕፃን ይነክሳል፤ ጅብ ሲመጣ ደግሞ ጎተራ ሥር ሊወሸቅ ይችላል። ንክሻውም ቁስል ብቻ ሆኖ ላይቀር ይችላል፤ ያልተከተበ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ ደግሞ ታማሚው የሚተርፍበት ዕድል የለም ማለት ይቻላል። ይህ ሁሉ እየታወቀ «አባቱ ሦስት ሰው ነክሷል» እያሉ በቡችላ ዋጋ ላይ የሚጨምሩ ሰዎች የሚሸጡት ጠባቂ ሳይሆን በሌላ ሰው ልጅ ላይ የሚደርስ አደጋ ነው፤ የውሻ አዋቂ ተብለው መጠራታቸውም የሚያስተዛዝብ ነው።

ድፍረትን ከተናካሽነት ለመለየት የተበጀው መንገድ የሥራ ፈተና ይባላል፤ ይህም ውሻው ለዘር ከመዋሉ በፊት የሚፈለግበትን ሥራ በዳኛ ፊት ሠርቶ የሚያሳይበት ምዘና ነው። በ1899 እ.ኤ.አ. በማክስ ፎን ሽቴፋኒትዝ መሪነት የተመሠረተው የጀርመን እረኛ ውሻ ማኅበር ለዚህ ታዋቂ ምሳሌ ሲሆን፣ በፈተናው ውሻው ዱካ ይከተላል፣ ትእዛዝ ይፈጽማል፣ በመጨረሻም የመከላከል ችሎታው ይታያል። በዚህ በመጨረሻው ክፍል አንድ ሰው ወፍራም መከላከያ እጅጌ አጥልቆ ከመጠለያ ጀርባ ይደበቃል፤ ውሻው ፈልጎ ካገኘው በኋላ ሰውየው ጸጥ ብሎ እስከቆመ ድረስ መጮህ እንጂ መንከስ አይፈቀድለትም። ሰውየው ሲሸሽ ወይም ሲያጠቃ ውሻው እጅጌውን ነክሶ ይይዛል፤ «ልቀቅ» ሲባል ግን መልቀቅ አለበት፣ ትእዛዙ ተደጋግሞም አሻፈረኝ ካለ ከፈተናው ይሰናበታል። ተኩስ ሰምቶ የሚበረግገውም ዕጣው ያው ነው። በየሰፈሩ አንደኛ ጠባቂ ከሚባሉት ውሾች ስንቱ ይህን ያልፍ ይሆን?

ለወሎ ሰው፣ በተለይም ለሙስሊሙ፣ ውሻን በሥራው መመዘን ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይደለም። ቁርኣን በአል-ማኢዳ ምዕራፍ በ4ኛው አንቀጽ የሰለጠነ አዳኝ እንስሳ የያዘውን አደን ስለሚፈቅድ፣ የፊቅህ ማለትም የእስልምና ሕግ ሊቃውንት «የሰለጠነ» የሚባለው የትኛው ውሻ እንደሆነ መስፈርት አውጥተዋል፤ ሲልኩት የሚሄድ፣ ሲከለክሉት የሚቆም፣ በብዙዎቹ ዘንድም ከያዘው የማይበላ መሆን አለበት፤ በሐነፊ መዝሀብ (የሕግ ፈለግ) ዘንድ አለመብላቱ 3 ጊዜ መታየት ይኖርበታል። እዚያም ቢሆን መለኪያው መታዘዝ ነው።

ፈተናን አላስፈላጊ የሚያስመስለው ሌላ እምነት «የፈረንጅ ዘር ከሆነ ፈተና ምን ያደርጋል» የሚለው ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣና ከ18,000 በላይ ውሾችን የሚመለከት ጥናት፣ በውሾች መካከል ከሚታየው የጠባይ ልዩነት ውስጥ ዝርያ የሚያስረዳው 9 በመቶ ገደማውን ብቻ መሆኑን አሳይቷል። በ1906 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የእረኛ ውሻ ማኅበር ደግሞ የዘር ሐረጉ ያልተመዘገበ ውሻ እንኳ በግ እየነዳ ችሎታውን ካስመሰከረ በመዝገቡ ሊያሰፍረው ይችላል።

ፈተናው ግን ሁሉን አይፈታም። ነጥቡ ከውሻው ተፈጥሮ ሌላ የአሠልጣኙንም ትጋት ስለሚያሳይ፣ ምን ያህሉ ወደ ቡችላ እንደሚተላለፍ በእርግጠኝነት መናገር ያስቸግራል፤ ስለዚህ ግልጽ እንከን ያለበትን ማስቀሪያ ወንፊት አድርጎ ማየቱ ይሻላል። ለዚህ ዓላማ የጀርመን ሜዳ አያስፈልግም፤ ውሻው ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላው ቆርቆሮ በድንገት ሲወድቅ ደንግጦ ቶሎ መረጋጋቱን፣ ከግልገል ጋር ብቻውን ሲተው አለመተናኮሉን፣ እንግዳ ሲመጣ ጮሆ ባለቤቱ ሲያዘው ዝም ማለቱን፣ ጅብ ሲያባርርም በረቱን ጥሎ አለመራቁን መመልከት ማንም አርሶ አደር የሚችለው ነው።

የቀሩት እምነቶች ብዙ ሐተታ አይሹም። ጆሮን መቁረጥ ውሻን ያሳምመዋል እንጂ ደፋር አያደርገውም፤ ሚጥሚጣ ማብላትም ሆዱን ከማቃጠል በቀር የሚጨምርለት የለም፤ የሚጮህ ውሻ አይናከስም የሚለውን አምኖ አጥር የገባ ሰው ደግሞ ሊጸጸት ይችላል። ቡችላ በአባቱ ይወጣል የሚባለው ግን ፈተናውን ራሱን ከንቱ ስለሚያደርግ ችላ አይባልም። ቡችላ ከእናቱም እኩል ይወርሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አብራው የምትውለውም እሷ በመሆኗ የእናቲቱ ጠባይ መፈተኑ ግድ ነው። ከዚያም በላይ ሴት ውሻ በአንድ የርቢ ወቅት ከተለያዩ ወንዶች ልትፀንስና የአንድ ጊዜ ቡችሎቿ የተለያየ አባት ሊኖራቸው ስለሚችል፣ ወንዱን ፈትኖ መርጦ እሷን ማታ ማታ በመንደር መልቀቅ ልፋቱን ሁሉ ያባክናል፤ ወንድ በምትፈልግበት ወቅት ለ3 ሳምንት ያህል በግቢ መዘጋት ይኖርባታል።