ቀዩ መርዝ ተፊ ኮብራ፦ መኖሪያውና የመከላከያው ዘዴ

መርዝ የሚተፋ እባብ የእረኛን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ይሁን እንጂ በጊዜው በውሃ የታጠበ ዓይን አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ይህን ጽሑፍ በቆላ ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ያዘጋጀነው ስለዚህ ነው።

መልኩና መኖሪያው

ይህ እባብ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያ፣ በጅቡቲ፣ በኬንያና በሰሜን ታንዛኒያ ደረቅ ቆላዎች ይገኛል። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ 1 ሜትር አካባቢ ነው። መልኩ እንደየአካባቢው ቀይ፣ ቡናማ ወይም ግራጫማ ሲሆን፣ ከጉሮሮው በታች ጥቁር ቀለበት አለው። በኩይሳ፣ በጉድጓድ፣ በወደቀ ግንድና በቁጥቋጦ ሥር ይጠለላል። ትልቁ በሌሊት፣ ግልገሉ ደግሞ በቀንም ይንቀሳቀሳል።

ወደ ቤት የሚስበው ምንድን ነው?

ምግቡ ጉርጥ፣ አይጥና ወፍ ነው። በመሆኑም እህል የፈሰሰበት ጎተራና ውሃ የሚያቁርበት ደጅ አይጥንና ጉርጥን ይስባሉ፤ እባቡም እነርሱን ተከትሎ ይመጣል።

አተፋፉ

እባቡ የሚተፋው ለአደን ሳይሆን ራሱን ለመከላከል ነው። የጥርሱ ቀዳዳ ወደ ፊት የተከፈተ ስለሆነ፣ መርዙን 2 ሜትርና ከዚያም በላይ አርቆ ወደ ፊት ይረጫል። መርዙ ቁስል በሌለው ቆዳ ላይ ቢያርፍ ብዙ አይጎዳም። ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ብርቱ ሕመም ያስከትላል፤ ካልታከመም የዓይኑን ፊተኛ ሽፋን አቁስሎ ሊያሳውር ይችላል። እባቡ ይነድፋልም።

የመጀመሪያ እርዳታ

1ኛ/ ዓይኑን ሳያሹ፣ ሽፋሽፍቱን ገልጦ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ። ውሃ ፈጽሞ ከሌለ በወተት ማጠብ ይቻላል።
2ኛ/ የቅጠል ጭማቂም ሆነ ሌላ መድኃኒት ዓይን ውስጥ አለመጨመር።
3ኛ/ ሕመሙ ቢቀንስም ወደ ጤና ተቋም መውሰድ።
4ኛ/ የተነደፈ ሰው ካለ ቁስሉን ሳይበጡ፣ ሳይመጡና ሳያስሩ፣ የተነደፈውን አካል ሳያንቀሳቅሱ በፍጥነት ወደ ሕክምና ማድረስ።

መከላከያ

ጎተራን ከመሬት ከፍ አድርጎ መሥራት፣ የፈሰሰ እህልን መጥረግ፣ የማገዶ ክምርን ከቤት ማራቅ፣ በሌሊት መብራት ይዞና ጫማ አድርጎ መሄድ ይገባል። እባቡ ሲታይም መንገድ ሰጥቶ መራቅ እንጂ ለመግደል መጠጋት አይገባም። ብዙ ሰው የሚተፋበት በዚህ ጊዜ ነውና።

የልማት ሠራተኞች በየስብሰባው የዓይን አስተጣጠብን በተግባር እንዲያሳዩ፣ ማኅበራትም እረኞቻቸው ውሃ ሳይዙ እንዳይሰማሩ እንዲያደርጉ አደራ እንላለን።