የኤሌክትሪክ መኪና ዋሱ ማን ነው?

ዛሬ በካዛንቺስ ጐዳና ዳር ጥቂት ቆሞ የሚመለከት ሰው፣ ከሚያልፉት መኪናዎች ብዙዎቹ ጭስም ጩኸትም የሌላቸው መሆናቸውን ያስተውላል። ይህ ሠፈር ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው። በ2017 ዓ.ም. ግን አሮጌዎቹ ቤቶች በብዛት ፈርሰው የሠፈሩ መልክ ተለውጧል። በመንገዱ ላይ የሚሄደውም እንዲሁ ተለውጧል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አዲስ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ወጣት ሠራተኛ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ ማዞር ግድ ሆኖበታል። ብዙው ሰው የሚገዛው የዓመታት ቁጠባውን አውጥቶ፣ ብድርም ጨምሮ ነው። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ገዢው የሚገዛውን ነገር ያውቀዋልን?

አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ አፏን ከፍተው ጥርሷን ያዩ ነበር፤ ዕድሜዋ ከጥርሷ ይታወቃልና። ሻጩም ዋስ ይጠራል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ጥርስ የለውም። ቀለሙ ቢያብረቀርቅ፣ ወንበሩም ቢያምር፣ ከዕቃው ሁሉ ውድ የሆነው ባትሪ ከወለሉ በታች ተሸሽጓል፤ ጤንነቱም ከውጭ አይታይም።

ባትሪ ደግሞ ያረጃል። በተሞላና ባለቀ ቍጥር በውስጡ ካለው ሊቲየም ጥቂቱ እየተያዘ ስለሚቀር፣ የሚይዘው ኃይል ከዓመት ወደ ዓመት ይቀንሳል። ዋናው ጠላቱ ሙቀት ነው። የአዲስ አበባ ደጋ አየር ይስማማዋል፤ የአፋር ቆላ ግን ሌላ ነገር ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 በአሜሪካ በአሪዞና በረሃ የሚኖሩ የኒሳን ሊፍ ባለቤቶች ባትሪያችን ቶሎ ደከመ ብለው አቤት አሉ። ከዚያም በኋላ ኩባንያው ለባትሪው መበላሸት ብቻ ሳይሆን ለኃይሉ መቀነስም ዋስ ለመሆን በቅቷል።

ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች የሚሰጡት ዋስትና 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይዘጋዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ባትሪው ከመጀመሪያ ኃይሉ ከ70 በመቶ በታች ከወረደ ፋብሪካው ይጠግናል ወይም ይለውጣል። ቍጥሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ 75 በመቶ ላይ የደረሰ ባትሪ በዋስትናው ዘንድ ገና ጤነኛ ነው።

ከዚህ የሚብስ ነገር አለ። ዋስትናው አብዛኛውን ጊዜ የሚጸናው ፋብሪካው ራሱ መኪናውን ለሽያጭ ባቀረበበት አገር ነው። ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በግል ነጋዴ በኩል የመጣ መኪና፣ በወረቀቱ ላይ 8 ዓመት ቢጻፍም፣ አዲስ አበባ ላይ የሚጠራ ዋስ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ሻጩ «ዋስትና አለው» ሲል፣ ገዢው «ዋሱ ማን ነው? ቢሮውስ የት ነው?» ብሎ ይጠይቅ።

ጤንነቱስ በምን ይለካል? በመሪው ፊት የሚታየው «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል» የሚለው ቍጥር ከአነዳድ የተሰላ ግምት እንጂ መለኪያ አይደለም። መካኒክ መሣሪያ ሰክቶ ከመኪናው ኮምፒዩተር የሚያነበው የጤንነት መቶኛ ይሻላል፤ ሆኖም እርሱም ግምት ነው። ሌላው መንገድ ሂሳብ ነው። አዲስ ሳለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ይይዝ የነበረ ባትሪ 20 በመቶ ሲቀረው ተሰክቶ እስከ 100 ይሙላ እንበል። ቆጣሪው 44 ኪሎዋት ሰዓት ቢቈጥር፣ ሲሞላ የሚባክነውን አንድ አሥረኛ ያህል ቀንሰን የገባው 40 ያህል ይሆናል። ይህ የባትሪው 80 በመቶ ከሆነ ሙሉው 50 ነው፤ ከ60 ሲመዘን 83 በመቶ መሆኑ ነው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጕድለት ዋስ እንዲሆን ደንግጓል። ነገር ግን ባትሪው ምን ያህል እንደ ወረደ ለማስረዳት፣ በሽያጩ ቀን ምን ያህል እንደ ነበረ መታወቅ አለበት። ስለዚህ የባትሪው ጤንነት በመቶኛ፣ የተነዳውም ኪሎ ሜትር፣ ከዋሱ ስምና አድራሻ ጋር በውሉ ላይ ይስፈር እንላለን። የአውሮፓ ኅብረት እንደ አቈጣጠሩ በ2024 ባወጣው ደንብ ባትሪ በ5 ዓመት ወይም በ100,000 ኪሎ ሜትር ከ80 በመቶ፣ በ8 ዓመት ወይም በ160,000 ኪሎ ሜትር ከ72 በመቶ እንዳይወርድ ወስኗል። የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶቻችንም እንዲህ ያለ ልክ ለአገራችን ቢያበጁ፣ የገዢው ሸክም ይቀላል። እስከዚያው ድረስ ግን ወጣቱ ገዢ የአባቶቹን ምክር ይያዝ፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል።