በርገር ላይ የሚቀልጠው ቢጫ ቺዝ «ፕላስቲክ» ነው?

በርገር ላይ የሚደረገው ስስ ቢጫ ቺዝ «ፕላስቲክ ነው» ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። እኛም ምን እንደሚገባበት አየን። ፕላስቲክ አይደለም፤ መነሻው እውነተኛ ቺዝ ነው።

ተራ ቺዝ በደንብ ሲሞቅ ቅባቱ ለብቻው ይወጣል፣ የቀረው ይጓጉላል። በ1911 እ.ኤ.አ. ዋልተር ገርበር እና ፍሪትዝ ሽቴትለር የተባሉ ሁለት ስዊዘርላንዳውያን መላ አገኙለት፦ ቺዙን ሶዲየም ሲትሬት ከሚባል ጨው ጋር ማቅለጥ። ጨው ስንል የወጥ ጨው አይደለም። ይሄኛው የቺዙን ፕሮቲን አጣብቆ የያዘውን ካልሲየም ይወስድበታል። የተፈታው ፕሮቲን ደግሞ ቅባቱንና ውሃውን አንድ ላይ ይይዛል። በቃ፣ ሳይለያይ ልስልስ ብሎ የሚቀልጠው ለዚህ ነው። ሲሠራ በደንብ ስለሚሞቅም ቶሎ አይበላሽም።

ታዲያ እንደልብ ይበላ? እሱስ አይደለም። አንደኛ፣ ሶዲየም ይበዛዋል። ሁለተኛ፣ የቺዙ መጠን ከምርት ምርት ይለያያል። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ «ቺዝ ፉድ» ለመባል ቢያንስ 51 በመቶው ቺዝ መሆን አለበት። ሌላው ወተት፣ አጓት ወይም ክሬም ሊሆን ይችላል። በቺዝ ፋንታ የአትክልት ዘይት የሚበዛባቸው ምርቶችም አሉ።

ስለዚህ ስትገዙ ከፊት ያለውን ፎቶ ተዉትና ጀርባውን አንብቡ። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጻፈው በብዛት የገባው ነው። ቺዝ ነው የሚለው ወይስ ውሃና ዘይት? ለልጆች ምሳ ዕቃ ከሆነማ ሶዲየሙንም ሳታዩ እንዳትገዙ።