ለአራስ ሕፃን ስንት ወተት ይበቃዋል?

በዳውንታውን ካልጋሪ የኪራይ ፎቆች ውስጥ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እናቶች ወልደው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ጥያቄ አንድ ነው። ‹‹ወተቱ ይበቃዋል ወይ?›› ጎረቤት ይጠይቃል፤ አራስ ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ይጠይቃል፤ ካልጋሪ እኩለ ሌሊት፣ አዲስ አበባ ረፋድ ሲሆን ደግሞ አያት በስልክ ትጠይቃለች። ሀገር ቤት ቢሆን አራሷ በእናቷ፣ በአክስቷና በጎረቤት ተከባ ትሰነብት ነበር። እዚህ ግን ያለ ችግር የወለደች እናት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሕፃኗን ታቅፋ ከሆስፒታል ትወጣለች። ባል ወደ ሥራው ሲመለስ እርሷ ከሕፃኑና ከጥያቄው ጋር ብቻዋን ትቀራለች።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ ከተሳሳተ ጉዳት አለው። ያልጎደለ ወተት ጎደለ ተብሎ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጡጦ የለመደ ሕፃን ጡት ሊተው ይችላል። በእርግጥ የጎደለበት ሕፃን ደግሞ ‹‹እንቅልፋም ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው›› እየተባለ ሰውነቱ ፈሳሽ አጥቶ ሊታመም ይችላል። ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው መስፈሪያ በየቤቱ አለ። እርሱም ዳይፐር ነው።

እንገር ትንሽ ነው፤ ግን ይበቃል

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከጡት የሚወጣው ወፈር ያለና ቢጫ መልክ ያለው ወተት እንገር ይባላል። በሀገር ቤት በአንዳንድ አካባቢዎች እንገር ታልቦ ይደፋ፣ ሕፃኑም ለጋ ቅቤ እንዲውጥ ወይም የስኳር ውሃ እንዲቀምስ ይደረግ ነበር። ይህ ልማድ እየቀነሰ መጥቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ከእናት ጡት በፊት ሌላ ነገር የቀመሱት ሕፃናት ከመቶ 8 ያህሉ ነበሩ። እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከሉ ነገሮች የበዙበት በመሆኑ አንድም ጠብታ ሊደፋ አይገባም።

እናቶችን የሚያስደነግጠው የእንገር ማነስ ነው። ይሁን እንጂ ጤነኛ ሕፃን በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጊዜ የሚወስደው ከ2 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ይኸውም ቢበዛ ሁለት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። በሁለተኛው ቀን ከ5 እስከ 15፣ በሦስተኛው ቀን ከ15 እስከ 30፣ በአራተኛው ቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ይህም ቢሆን አንድ የቡና ሲኒ ያህል ነው። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ መጥባት አለበት። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ቢጠባ የተለመደ ነው። በተለይ በሁለተኛው ሌሊት ሕፃኑ ከጡት አልላቀቅ ቢል ወተት የለም ማለት አይደለም። ወተቱን የሚጠራው ይኸው ደጋግሞ መጥባቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ጡት ያጋታል።

አጥሚቱና ገንፎው ለአራሷ ብርታት ይሰጣሉ። ወተት የሚያበዛው ዋናው ነገር ግን ሕፃኑ ጡቱን በደንብ ጎርሶ መጥባቱ ነው። አጠባቡ እናቲቱን የሚያሳምማት ወይም ጡቷን የሚያቆስል ከሆነ አጎራረሱን በነርስ ማሳየት ያስፈልጋል።

ልቅሶ እስኪመጣ አለመጠበቅ

‹‹ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም›› የሚለው አባባል ለአራስ ሕፃን አይሠራም። ልቅሶ የረሃብ የመጨረሻው ምልክት ነው። ሕፃኑ ከዚያ በፊት አፉን ይከፍታል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል፣ ራሱን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ጡት ይፈልጋል። እስኪያለቅስ ከተጠበቀ ተቆጥቶ ጡቱን ለመያዝ ያስቸግራል። የማያለቅስና ብዙ የሚተኛ ሕፃን ደግሞ ጠግቧል ተብሎ መተው የለበትም። የተወለደበትን ክብደት እስኪመልስ ድረስ ቢያንስ በየ3 ሰዓቱ እየቀሰቀሱ ማጥባት ይገባል።

ዳይፐሩ የሚናገረው

ከጡት የወጣውን ወተት በዓይን መለካት አይቻልም። የገባው መጠን የሚታወቀው በሚወጣው ነው። በመጀመሪያው ቀን ቢያንስ አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት የረጠበ ዳይፐር ይጠበቃል። ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ በቀን 6 እና ከዚያ በላይ፣ ያዝ ሲያደርጉት ከበድ የሚል ዳይፐር መኖር አለበት። ዓይነ ምድሩም ከጥቁር ወደ አረንጓዴ፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ገደማ ደግሞ ወደ ቢጫ ይለወጣል። አባት ይህን በወረቀት ላይ ቢመዘግብ ነርሷ ስትጠይቅ መልሱ ዝግጁ ነው።

ሁለተኛው ምስክር ሚዛን ነው። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ይቀንሳል። 3 ኪሎ ተኩል ሆኖ የተወለደ 250 ግራም ያህል ቢቀንስ የተለመደ ነው። ከመቶ 10 በላይ፣ ማለትም ከ350 ግራም በላይ ከቀነሰ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ተወለደበት ክብደት መመለስ፣ ከዚያም በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም መጨመር ይጠበቅበታል።

ጡጦ ለሚጠባ ሕፃን

በሐኪም ምክር ወይም በሌላ ምክንያት ፎርሙላ የምትሰጥ እናት ልትወቀስ አይገባም። ማወቅ የሚኖርባት ልኩን ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በግምት ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 150 ሚሊ ሊትር ይታሰባል። 3 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ሕፃን በቀን 525 ሚሊ ሊትር ያህል ያስፈልገዋል፤ ለ8 ጊዜ ሲከፈል በአንድ ጊዜ 65 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። ጡጦው ላይ አውንስ ከተጻፈ አንድ አውንስ 30 ሚሊ ሊትር ነው። ሕፃኑ ፊቱን ካዞረ የተረፈውን እንዲጨርስ ማስገደድ አይገባም።

ቆርቆሮው ውድ ስለሆነ ቶሎ እንዳያልቅ ብሎ ውሃ ማብዛት ትልቅ አደጋ ነው። ውሃ የበዛበት ወተት በሕፃኑ ደም ውስጥ ያለውን ጨው አሳንሶ እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርስ ይችላል። ዱቄት ማብዛትም እንዲሁ ይጎዳል። በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ልክ መከተል፣ ውሃውን 2 ደቂቃ አፍልቶ 70 ዲግሪ ያህል ሙቀት እያለው ዱቄቱን መበጥበጥ፣ ከዚያም አብርዶ መስጠት ያስፈልጋል። ሕፃኑ መጥባት ከጀመረ 2 ሰዓት ያለፈው ትራፊ ይደፋል።

6 ወር እስኪሞላው ድረስ ለሕፃን ውሃ አያስፈልገውም። ማር ደግሞ አንድ ዓመት ሳይሞላው ፈጽሞ አይሰጥም። በሀገር ቤት ሕፃን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሞቃል፤ የካልጋሪ ክረምት ግን ይህን አይፈቅድም። ስለዚህ ጡት የሚጠባ ሕፃን በየቀኑ 400 ዩኒት የቫይታሚን ዲ ጠብታ እንዲወስድ በካናዳ ይመከራል።

ማን ይጠየቅ?

በዳውንታውን አጠገብ የነበረው የካልጋሪ ጄኔራል ሆስፒታል በ1998 እ.ኤ.አ. ፈርሷል። ዛሬ እናቶች የሚወልዱባቸው ፉትሂልስ፣ ፒተር ላሂድ፣ ሮኪቪውና ሳውዝ ሄልዝ ካምፓስ ከመሐል ከተማ ራቅ ያሉ ናቸው። ቢሆንም ምክር ለማግኘት ከቤት መውጣት የግድ አይደለም። 811 ሲደወል ቀንም ሌሊትም ነርስ ትገኛለች። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራት እናት ‹‹አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ›› ካለች አስተርጓሚ ይቀርብላታል። ከወሊድ በኋላ የምትደውለው ወይም ቤት የምትመጣው የሕዝብ ጤና ነርስም ክፍያ አትጠይቅም፤ ሕፃኑን መዝና አጠባቡን ታያለች።

ሕፃኑ አልነቃ ወይም አልጠባ ካለ፣ የረጠበ ዳይፐር ከቀነሰ፣ አፉ ከደረቀ፣ የዓይኑ ነጭ ወይም ድዱ ቢጫ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም መታየት አለበት። ጠይም ሕፃን ላይ ቢጫነት በቆዳው ቶሎ አይታይምና ዓይኑን በቀን ብርሃን ማየት ይሻላል። ትኩሳቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ በቀጥታ ወደ ኢመርጀንሲ ነው።

እናቲቱ ከቤት ስትወጣም ጡጦ መያዝ ግዴታዋ አይደለም። በሰባተኛው አቬኑ ባቡር ላይም ሆነ በማዕከላዊው ቤተ መጻሕፍት ጡት ብታጠባ የአልበርታ የሰብአዊ መብት ሕግ ይጠብቃታል።

አራስ ጠያቂዎችም ድርሻ አላቸው። ‹‹እንኳን ማርያም ማረችሽ›› ብሎ ገብቶ ‹‹ወተትሽ አነሰ እንዴ?›› ማለት የደከመች እናት ልብ ይሰብራል። ሳህን ማጠብ፣ አጥሚቱን ማሞቅ፣ ሕፃኑ ጠብቶ ሲተኛ እናቲቱም እንድትተኛ መተው ይበልጥ ይጠቅማታል። በጠያቂ ፊት ማጥባት የምታፍር አራስም አለችና፣ ሕፃኑ እጁን ወደ አፉ ሲወስድ ያየ ጠያቂ ቡናውን ጨርሶ ቢነሳ አይከፋም።