የቴርሞሜትርን ትክክለኛነት በበረዶ ነጥብ ስለማረጋገጥ

ከአዋሽ ተነሥቶ በሚሌና በሰመራ አልፎ ገላፊ ላይ የጅቡቲን ድንበር በሚያገኘው መንገድ፣ በሞቃት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በዚህ አካባቢ ክትባትና መድኃኒት የሚያስቀምጡ ጤና ተቋማትም ሆኑ ተበላሽ ሸቀጥ የሚያጓጉዙ ድርጅቶች የሚጠቀሙበትን ቴርሞሜትር በየጊዜው መፈተሽ ይኖርባቸዋል።

አብዛኛው ክትባት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። እንደ ሄፓታይተስ ቢ ያሉት ወደ በረዶነት ከተለወጡ አቅማቸውን ያጣሉ። 3 ዲግሪ አብልጦ የሚያነብ ቴርሞሜትር 2 ዲግሪ ሲያሳይ ማቀዝቀዣው በእርግጥ ያለው ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ላይ ነው፤ በመዝገቡ ላይ ግን ምንም ጉድለት አይታይም።

ቴርሞሜትርን በሚፈላ ውሃ መፈተሽ የተለመደ ቢሆንም አያስተማምንም። ውሃ ሰመራ ላይ ከ98 ዲግሪ በላይ፣ አዲስ አበባ ላይ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በአንጻሩ በረዶ የሚቀልጥበት ሙቀት በሁለቱ ከተሞች ያለው ልዩነት ከአንድ መቶኛ ዲግሪ ያነሰ ነው። የበረዶ ነጥብ ለማመሳከሪያነት የተመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በረዶው ከተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ መሠራት አለበት። በአዋሽ ሸለቆ የብዙ ጉድጓዶች ውሃ ጨውነት ያለው ሲሆን፣ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚገኝ 1 ግራም የገበታ ጨው የመቅለጫውን ሙቀት በ0.06 ዲግሪ ያህል ዝቅ ያደርገዋል። በረዶው በንጹሕ ዕቃ በደቃቁ ተፈጭቶ ሰፊ አፍ ባለው ፔርሙዝ ይሞላል፤ አስቀድሞ የቀዘቀዘ የተጣራ ውሃም በፍርፋሪው መካከል ያለው ክፍተት እስኪሞላ ድረስ ይጨመርበታል። ከማቀዝቀዣ ወዲያው የወጣ ደረቅና ነጭ በረዶ ከዜሮ በታች ስለሚሆን፣ እየረጠበ መልኩ ግራጫ እስኪሆን መጠበቅ ያስፈልጋል።

በተግባር የሚበዛው ስሕተት በረዶው በውሃ ላይ እንዲንሳፈፍ መተው ነው። ውሃ ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ፣ በፔርሙዙ ሥር የሚጠራቀመው ውሃ ከዜሮ በላይ ሊሞቅ ይችላል። እንደ ገላፊ ባለ ሙቀት ይህ ፈጥኖ ይከሰታል፤ ስለዚህ የቀለጠው ውሃ እየተቀዳ አዲስ በረዶ ይተካል፣ ክዳኑም አይከፈትም።

የቴርሞሜትሩ ዘንግ የፔርሙዙን ግድግዳም ሆነ ሥር ሳይነካ በጥልቀት ይገባል። ጥልቀቱ ከሴንሰሩ ርዝመት በተጨማሪ የዘንጉን ውፍረት ቢያንስ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይቶ ንባቡ ሲረጋ ይመዘገባል። ለምሳሌ 0.4 ዲግሪ ካሳየ፣ በዜሮ አካባቢ ከሚነበበው ቁጥር ላይ 0.4 ይቀነሳል።

የሰው ሙቀት መለኪያ ንባቡ ከ35 ዲግሪ አካባቢ ስለሚጀምር በዚህ መንገድ አይፈተሽም። በዜሮ ላይ ትክክል የሆነ ቴርሞሜትርም በ8 ወይም በ40 ዲግሪ ትክክል ነው ማለት አይቻልም። በሌሎች የሙቀት ነጥቦች የተሟላ ካሊብሬሽንና የምስክር ወረቀት የሚፈልጉ ተገልጋዮች አዲስ አበባ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት መጠየቅ ይችላሉ።