ፈቃዱ ቦርዱ ላይ ነው

ሃርድ ዲስክ ቢቀየር ዊንዶውስ ፈቃዱን አያጣም፤ ማዘርቦርድ ሲቀየር ነው የሚያጣው። በጥገና ጠረጴዛዬ ላይ ከማስረዳው ነገር ሁሉ ሰው አልቀበል የሚለኝ ይሄ ነው። ዊንዶውስ የሚጫነው ዲስክ ላይ ስለሆነ ፈቃዱም እዚያው የተቀመጠ ይመስለዋል። የዘገመውን ዲስክ አውጥቼ ኤስኤስዲ ልገጥምለት ስል «ኦሪጅናሉ እንዳይጠፋብኝ» ብሎ ይሰጋል፤ ቦርዱ ተቃጥሎ ሌላ ሲገባለት ደግሞ «ዲስኩ እንደሆነ ተርፏል፣ ምን ይሆናል?» ብሎ ተረጋግቶ ይቀመጣል።

ዊንዶውስን ከማሽኑ አካላት ጋር የማሰሩ መነሻ ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ዲስኩን፣ የግራፊክስና የኔትወርክ ካርዱን እያየ ለማሽኑ መለያ ይሠራ ነበር። አንድ ሁለቱ ቢቀየሩ ዝም ይላል፤ ሲበዙበት ግን እንደገና አክቲቬት አድርጉኝ ብሎ ይጠይቃል። አዲስ ተጭኖ በ30 ቀን ውስጥ አክቲቬት ያልተደረገ ኤክስፒ ጭራሽ አያስገባም ነበር። የዛሬው ዊንዶውስ እንዲህ አይጨክንም። በስተቀኝ ግርጌ ደብዛዛ ጽሑፍ ይለጥፋል፣ የጀርባ ሥዕልና ቀለም መቀየሪያውን ይቆልፋል፣ ሥራውን ግን ያሠራል።

ድሮ ቁልፉ ላፕቶፑ ሆድ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ነበር፣ ባለ 25 ፊደልና ቁጥር። ጭን ላይ ሲታሽ ከርሞ «ቢ»ው ከ8 የማይለይ ስንት ወረቀት በአጉሊ መነጽር አንብቤአለሁ። ዊንዶውስ 8 በ2012 ሲመጣ አምራቾች ቁልፉን ቦርዱ ላይ ባለው የባዮስ ቺፕ ውስጥ መጻፍ ጀመሩ። ዊንዶውስ 10 በ2015 ተከትሎ ሲወጣ ደግሞ ማይክሮሶፍት አክቲቬት የሆነውን ማሽን መለያ በራሱ ሰርቨር መዝግቦ ይይዝ ጀመር። በዚህ መለያ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ሚዛን የቦርዱ ነው። ዲስኩን ቀይሩት፣ ራሙን እጥፍ አድርጉት፤ ያንኑ እትም ጭናችሁ ኢንተርኔት ስታገናኙት ቁልፍ ሳይጠይቅ ራሱ አክቲቬት ይሆናል።

ያንኑ እትም ከሆነ ነው ታዲያ። እዚህ ላይ የእኛን የጥገና ሰዎች ልማድ ሳልወቅስ አላልፍም። ብዙ ላፕቶፕ ከውጭ ሲገባ ሆም የሚባለውን እትም ፈቃድ ቦርዱ ላይ ይዞ ነው። ባለቤቱ ከፍሎበታል፣ የራሱ ነው። «ፎርማት አድርግልኝ» ብሎ ሲያመጣው ግን ባለሙያው ለሁሉም የምትሠራዋን ፍላሽ ሰክቶ ፕሮ የተባለውን እትም ይጭንበታል፣ ከዚያ በክራክ አክቲቬት ያደርገዋል። ተከላው እኮ ቦርዱ ላይ ያለውን ቁልፍ አንብቦ ሆምን ራሱ ይመርጥ ነበር፤ ፕሮ ለመጫን ሆን ብሎ መዞር ያስፈልጋል። ደንበኛውም «ፕሮ ይሻላል» ስለተባለ ደስ ብሎት ይሄዳል። ሕጋዊ ፈቃድ ደረቱ ላይ ያለ ማሽን እንዲህ ነው ሕገወጥ ሆኖ የሚወጣው።

አብዛኛው ክራክ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ደግ ነው። ለትልልቅ ድርጅቶች የተዘጋጀ አሠራር አለ፤ የድርጅቱ ሰርቨር ቢያንስ 25 ኮምፒውተሮች ሲጠይቁት ለእያንዳንዱ የ180 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፣ እሱም እየታደሰ ይቀጥላል። ክራኩ ያንን ሰርቨር አስመስሎ ቤት ውስጥ ላለች አንዲት ላፕቶፕ የ25 ኮምፒውተር ድርጅት ነሽ ይላታል። ይህን ለማድረግ መጀመሪያ አንቲቫይረሱን ማጥፋት ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ማን ምን ይዞ እንደገባ የሚያይ የለም። የባንክ ሥራቸውን በዚያው ማሽን የሚሠሩ ሰዎች ሲመጡብኝ ይከነክነኛል።

ስለዚህ ብሎን ከመፍታቴ በፊት፣ ማሽኑ የሚነሳ ከሆነ፣ ፈቃዱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ በአጭር ትእዛዝ አያለሁ። ኦኢኤም ካለ ከማሽኑ ጋር የተሸጠ ነው፤ ከቦርዱ ጋር ይኖራል፣ ከቦርዱ ጋር ይሞታል። ሆኖም ቦርዱ በብልሽት ምክንያት በተመሳሳይ ሞዴል ወይም አምራቹ ተተኪ ባለው ከተቀየረ አዲስ ፈቃድ መግዛት እንደማያስፈልግ ማይክሮሶፍት ራሱ ይገልጻል። ሪቴይል ካለ ለብቻው የተገዛ ነውና ወደ ሌላ ማሽን ይሻገራል። ቮልዩም ካለ የድርጅት ፈቃድ ነው፤ ደንበኛው ግለሰብ ከሆነ ታሪኩ ከላይ የነገርኳችሁ ክራክ ነው።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ቦርዱ የተቃጠለበት አንድ የሒሳብ ባለሙያ ላፕቶፕ ነገሩን ሁሉ አንድ ላይ አሳይቶኛል። የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ፣ የደንበኞቹ ሒሳብ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ጋሼ ማሽኑን ያገኙት ቨርጂኒያ ካለ የእህታቸው ልጅ ነው። ተመሳሳይ ቦርድ ተገኝቶ ገጠምኩት፣ ማሽኑም ተነሳ። ከዚያ ሰማያዊ ገጽ መጣና 48 አሃዝ ያለው የቢትሎከር ቁልፍ ጠየቀ። ዲስኩ ተመስጥሯል፣ መክፈቻው የታሰረው ከሞተው ቦርድ ጋር ነው።

«ልጄ፣ እኔ ምንም ቁልፍ ዘግቼ አላውቅም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የዘጋው ዊንዶውስ ራሱ ነው። ልጁ ማሽኑን ገዝቶ በራሱ የማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፍተው ምስጠራው በዚያው በርቷል፣ ቁልፉም የልጁ አካውንት ውስጥ ተቀምጧል። እኛ ጋ ረፋድ ሲሆን እነሱ ጋ ሌሊት ነው፤ እስኪነጋለት ጠብቀን ደወልን። አሃዞቹን በቃል ማንበብ ሲጀምር አስቆምኩትና በቴሌግራም ፎቶ አንስቶ ላከው። ስድስት ስድስት ሆነው በስምንት ምድብ ይጻፋሉ።

ሒሳቡ ተገኘ፣ የጋሼም ፊት ተመለሰ። አክቲቬሽኑ ግን በ211 የሚያልቀውን የስህተት ኮድ አሳየ፤ ሃርድዌሩ ተቀይሯል ማለት ነው። የገጠምኩት ቦርድ ያገለገለ ስለነበር የራሱን ቁልፍ ይዞ መጥቷል፣ ያውም የሆም። የጋሼ ማሽን ፕሮ ነው፤ ልጁ ከማይክሮሶፍት ስቶር ገዝቶ ነበር ያሳደገው። እትሙ ባይለያይ ኖሮ የአዲሱ ቦርድ ቁልፍ ይበቃን ነበር።

ለዚህ የተሠራ መንገድ አለ። ከ2016ቱ የነሐሴ ማሻሻያ ወዲህ ፈቃዱ ከአካውንት ጋር ከታሰረ፣ ሴቲንግ ውስጥ አክቲቬሽን ጋ ገብቶ ችግር ፈቺውን ማስነሳትና «በቅርቡ ሃርድዌር ቀይሬያለሁ» የሚለውን መምረጥ ነው። አካውንቱን ግን ይጠይቃል። እንደገና ቨርጂኒያ ተደወለ፣ ይለፍ ቃሉ ገባ፣ ወደ ልጁ ስልክ የሄደው ኮድ ተነበበልን። ከዚያ የማሽኖቹ ዝርዝር ወጣ፤ ሁሉም ስማቸው «ዴስክቶፕ» ብሎ ጀምሮ ትርጉም በሌለው ፊደልና ቁጥር የሚያልቅ። የጋሼ የቱ ነው? ልጁም አያውቅም። ዲስኩ ላይ ያለውን የማሽኑን ስም አይቼ ካንዱ ጋር ሲገጥም መረጥኩት። አክቲቬት ሆነ። ለዘመድ ላፕቶፕ የምትልኩ ሰዎች፣ የተቀባዩን አካውንት ከፍታችሁ፣ የቢትሎከሩንም ቁልፍ ወረቀት ላይ አትማችሁ ላኩ። ፈቃዱ ከእናንተ አካውንት ጋር ታስሮ ከቀረ ግን ቦርድ በተቃጠለ ቁጥር የሚደወለው ለእናንተ ነው።

አካውንት የሌለበት፣ ወረቀቱም የጠፋ ማሽን ሲመጣ ምርጫው ይጠባል፤ አዲስ ፈቃድ መግዛት፣ ሊኑክስ መጫን፣ አለበለዚያም አክቲቬት ሳይደረግ መጠቀም። እኔ ከክራክ ይልቅ ሦስተኛውን እመክራለሁ። አንዲት የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ባለፈው ቦርድ ቀይሬላት ይህንኑ ነገርኳት። ማሽኗ አሮጌ ነው፣ ዊንዶውስ 11ን አይችልም፤ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። አሁን ፈቃድ ግዢበት ማለት ከብዶኛል። እሷ ግርጌ ያለውን ጽሑፍ በጣቷ ነካች።

«ሲታተም ወረቀቱ ላይ ይወጣል?»

«አይወጣም፣ ስክሪኑ ላይ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ይቀመጥ» አለችና የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዝ እንድመልስላት ፍላሿን ሰጠችኝ።